የመምህሩ አምስተኛ ቀን

ዩኒቨርሲቲ ለመምህሩ ደመወዝ የሚከፍልበት ጊዜ በመግቢያና በመውጫ ፊርማ የሚለካ አይደለም፤ መምህሩ በሳምንት ክፍል ገብቶ የሚያስተምርባቸው ሰዓታት ጥቂት ሲሆኑ፣ የቀረውን ጊዜ እንዲያነብበት፣ እንዲመራመርበት፣ ፈተና እንዲያርምበትና የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያማክርበት ተቋሙ በእምነት ይለቅለታል። ይህ እምነት ከሌለ ምሁራዊ ሥራ አይኖርም፤ ሆኖም የማማከር ሥራ የሚሰጠው ድርጅት፣ በትርፍ ሰዓት የሚያስተምርለት ሰው የሚፈልገው ኮሌጅ፣ መምህሩ ራሱ ያቋቋመው ኩባንያም የሚሻሙት ይህንኑ ያልተለካ ጊዜ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ጉዳዮች ተለይተው መታየት አለባቸው። የጥቅም ግጭት የሚባለው መምህሩ ከሌላ ወገን የሚያገኘው ገንዘብ በምርምር ውጤቱ ወይም በተማሪ ምዘና ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ሊያዛባ የሚችልበት ሁኔታ ነው። የግዴታ ግጭት ግን ገንዘቡ ንጹሕ፣ ሥራውም የተከበረ ሆኖ ሳለ የውጭው ተግባር የመምህሩን ጊዜ፣ ጉልበትና ሐሳብ ከዋናው ኃላፊነቱ ላይ የሚወስድበት ነው። በመጀመሪያው የማይጠረጠር ሰው በሁለተኛው ሊወድቅ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ የባንክ ደረሰኝም ሆነ የውል ሰነድ የግድ ስለማይተው ለቁጥጥር ይበልጥ ያስቸግራል።

ለችግሩ ከተሰጡት ቀደምት መልሶች አንዱ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ከሚለው ብሂል ጋር የሚሄድ ነበር። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1913 የሮክፌለር ቤተሰብ ካቋቋመው የትምህርት ቦርድ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሲቀበል፣ ዋና ዋናዎቹ የክሊኒክ ፕሮፌሰሮች በደመወዝ ብቻ እንዲኖሩና ከግል ሕመምተኞች የሚገኘው ክፍያ በእነርሱ ኪስ እንዳይገባ ተስማምቶ ነበር። ከትምህርት ቤቱ መሥራቾች አንዱ የነበረውና በዚያን ጊዜ በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ዊሊያም ኦስለር፣ መምህሩ ከሕመምተኛውና ከሙያ ባልደረቦቹ ዓለም ይነጠላል በሚል ሐሳቡን አጥብቆ ተቃውሟል። በአዲሱ ሥርዓት የውስጥ ደዌ ሕክምና ክፍልን በ1914 የተረከበው ቴዎዶር ጄንዌይም ሦስት ዓመት ያህል ሠርቶ በ1917 ሥራውን ለቀቀ፤ ከምክንያቶቹ መካከል የገቢው ማነስ ይገኝበታል። ፍጹም ክልከላ በቂ ክፍያ ካልተከተለው ጥሩ መምህርን አባሮ ደንቡን ብቻ እንደሚያስቀር ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር የሰደደው መካከለኛ መንገድ ከሳምንቱ አምስት የሥራ ቀናት አንዱን ለውጭ ሙያዊ ሥራ የሚፈቅደው ልማድ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ልማድ በዝርዝር ደንብ ካሰፈሩት አንዱ ሲሆን፣ በትምህርት ዘመን ለተቀጠረ መምህር በዓመት 39 ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ ለተቀጠረ ደግሞ 48 ቀን ይፈቅዳል። ደንቡ የውጭ ሥራዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል፦ በሌላ ተቋም ማስተማርን ወይም በኩባንያ ውስጥ የሥራ አስኪያጅነት ቦታ መያዝን የመሰሉት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል፤ እንደ ማማከርና በፍርድ ቤት የባለሙያ ምስክርነት መስጠት ያሉት ያለ ቅድመ ፈቃድ ተሠርተው በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ይደረጋሉ፤ የሌሎችን የምርምር ጽሑፍ መገምገምን የመሰሉት ደግሞ የምሁርነት አካል ስለሆኑ ሪፖርት እንኳ አያስፈልጋቸውም። የዚህ አከፋፈል ብልሃቱ ሥራዎቹን የሚለየው በዋናነት በሚያስገኙት የገንዘብ መጠን ሳይሆን መምህሩን ከዋና ሥራው በሚያርቁበት ልክ መሆኑ ነው።

ቀን መቁጠር ብቻውን የማይፈታው ጥያቄ መኖሩን በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የተነሳው ክርክር አሳይቷል። ዕውቁ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፕሮፌሰር አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርቱን በቪዲዮ ቀርጾ ኮንኮርድ ለተባለ በኢንተርኔት ብቻ ለሚያስተምር የሕግ ትምህርት ቤት ሰጠ። ዩኒቨርሲቲው መምህሩ ያለ ፈቃድ በሌላ ተቋም አስተምሯል ሲል፣ ሚለር በበኩሉ ከተማሪዎቹ ጋር ተገናኝቶ እንደማያውቅና ሥራው መጽሐፍ ከማሳተም ወይም በቴሌቪዥን ትምህርት ከመስጠት እንደማይለይ ተከራከረ። ቀረጻው አንዴ ካለቀ በኋላ ከመምህሩ ጊዜ የሚወስደው ነገር አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲው የተቆጨው በስሙ የታወቀ መምህሩ ለተፎካካሪ መቆሙ ነው። ሃርቫርድም ብዙ ሳይቆይ በኢንተርኔት ለሌላ ተቋም ማስተማር ቅድመ ፈቃድ እንዲያስፈልገው ደንቡን አሻሻለ።

የድብቅነት ዋጋም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ታይቷል። የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ ቻርልስ ሊበር በቻይና ከሚገኘው የዉሃን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በወር እስከ 50 ሺሕ ዶላር የሚከፈልበት ውል ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ተይዞ በታኅሣሥ 2021 ጥፋተኛ የተባለው ግን ለአሜሪካ መንግሥት መርማሪዎች የሐሰት ቃል በመስጠት፣ ገቢውን ከግብር በመሰወርና የውጭ አገር የባንክ ሒሳቡን ባለማሳወቅ ነው። ከውጭ ተቋም ጋር መሥራት ብቻውን ወንጀል አልነበረም፤ በጊዜው የተገለጸ ሥራ በፈቃድ ወይም በእምቢታ ሊቋጭ ሲችል፣ የተሸሸገው ግን ለፍርድ ቤት በቃ።

ይሁንና ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ራሱ ልጓም ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጸው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሦስት የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰሮች የግዛቲቱን አዲስ የምርጫ ሕግ በተቃወመ ክስ የባለሙያ ምስክር እንዳይሆኑ ከለከለ፤ ምክንያቱም ምስክርነቱ ከግዛቲቱ አስተዳደር ፍላጎት ጋር መጋጨቱ ነበር። ተቃውሞ ሲበረታ ክልከላው ተነሳ፤ አንድ የፌዴራል ዳኛም በጥር 2022 ክልከላው በተመሠረተበት ደንብ አፈጻጸም ላይ ጊዜያዊ እግድ ሰጠ። ጊዜን ለመጠበቅ የተጻፈ ደንብ የመምህሩን አስተያየት መመዘኛ ከሆነ ከቆመለት ዓላማ ፈጽሞ ወጥቷል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የግል ኮሌጆች በብዛት ከተከፈቱ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር በማታና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ማስተማሩ፣ ለመንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች ጥናት መሥራቱና በዎርክሾፕ አበል ደመወዙን መደጎሙ ሁሉም የሚያውቀው፣ ብዙ ጊዜ ግን በወረቀት የማይሰፍር የኑሮ ዘዴ ሆኗል። ከኑሮ ውድነቱ ጋር የማይመጣጠን ደመወዝ እየከፈሉ ይህን በሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ መፈረጅ ፍትሐዊ አይሆንም፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊውም ይህን ስለሚያውቅ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ዕዳውን የሚከፍለው ግን በደንብ ዝግጅት ላይ ወንበር የሌለው ተማሪ ነው፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ካስረከበ በኋላ በአማካሪው ቢሮ በር ላይ የተለጠፈውን የምክር ሰዓት እያነበበ ይመላለሳል፣ አማካሪው በዚያ ሰዓት ከከተማው ሌላ ጫፍ ክፍል ውስጥ ነው፤ ረቂቁ ያለ እርማት ከርሞ የመከላከያው ቀን ሲደርስ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል። ለተማሪው ይህ የአንድ ተጨማሪ ዓመት የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል።

የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 መውጣቱና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ በመሆን ቀዳሚ መሆኑ ጉዳዩን ለማስተካከል መልካም አጋጣሚ ነው። ግልጽ ደንብ የሚያወጣ ዩኒቨርሲቲ አራት ነገሮችን አንድ ላይ መያዝ ይኖርበታል፦ የውጭ ሥራን ቅጣት ሳይፈራ በየዓመቱ የሚያሳውቅ መምህር፣ በቀናት ብዛት የተወሰነ ጣሪያ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍና በምክንያት የሚሰጥና ይግባኝ ያለው ውሳኔ፣ እንዲሁም ጣሪያውን ለማክበር የሚያስችል ደመወዝ። የመጨረሻው ከተጓደለ የቀሩት ሦስቱ በመዝገብ ቤት የሚቀመጡ ወረቀቶች ይሆናሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ከሌሉ ደግሞ የደመወዝ ጭማሪ ብቻውን መምህሩን ወደ ቢሮው አይመልሰውም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ቦርዶችና ሴኔቶች መምህሩ ከግቢ ውጭ ምን ያህል አገኘ ከሚለው ጥያቄ በፊት፣ ተማሪው በግቢ ውስጥ መምህሩን ምን ያህል ጊዜ አገኘው ብለው ሊጠይቁ ይገባል።