የማጽናናት ቃል ለለቅሶ ቤት ብቻ ነውን?



እኛ ኢትዮጵያውያን ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ሰው ሲሞት ሥራ ይፈታል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድሩ ወንበሩንና ዕቃውን ያወጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ወገኖችም ከሐዘንተኛው ጎን አይለዩም። የሚዘምረው ይዘምራል፣ ቃል የሚያካፍለው ያካፍላል፣ መናገር የማይሆንለትም ዝም ብሎ ይቀመጣል። በቀብሩ ቀን ደግሞ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። እኅታችን ለሃያ ዓመት የጸሎት ቡድኑን ሳታቋርጥ እንደ መራች፣ የስንቱን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ በስውር እንደ ከፈለች፣ ዘመድ የሌለውን በሽተኛ በቤቷ እንዳስታመመች በዝርዝር ይነገራል። ሕዝቡ ያለቅሳል። ከጎናችን ያለችው ሴት "ለካስ እንዲህ ነበረች!" ትላለች። ይህን ሁሉ መስማት የነበረባት እኅት ግን ሳጥን ውስጥ ናት።

"ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም" ይባላል በአገራችን። አባባሉ በመንደርና በመሥሪያ ቤት እውነት ሆኖ ኖሯል። በጌታ ቤት ውስጥም ልማድ ሆኖ ሳየው ግን ይከነክነኛል።

"ማጽናናት" የሚለውን ቃል እንየው። ሥሩ "ጸና" ነው፤ መበርታት፣ ሳይነቃነቁ መቆም ማለት ነው። ለሐዘንተኛ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ስንል "ብርታት ይስጣችሁ" ማለታችን ነው። በአዲስ ኪዳን የግሪክ ቋንቋ ለዚህ ነገር የሚያገለግለው "ፓራክሌሲስ" የሚባለው ቃል ሰፊ ነው፤ ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ የደከመን ማደፋፈር፣ የሚያመነታን መምከር ሁሉ በውስጡ አለ። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በርናባስ የመጽናናት ልጅ ተብሎ ተተርጉሟል (ሐዋ. 4፥36)። ሮሜ 12፥8 ላይ ግን ይኸው ስጦታ "መምከር" ሆኖ ይመጣል፤ ዕብራውያን 3፥13ም በየቀኑ እንድንመካከር ያዘናል። ቃሉ የአንድ ቤተሰብ ቃል ነው። እኛ ዘንድ ግን "ማጽናናት" ሲባል ድንኳን ይታየናል፤ "ምክር" ሲባል ደግሞ ሽማግሌዎች ቢሮ አስጠርተው በሩን ሲዘጉብን ይታየናል። አንዱ ሰው ሲሞት፣ ሌላው ሰው ሲያጠፋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅሙ ኑሮ፣ ሰው ሳይሞትም ሳያጠፋም ደክሞት የሚያገለግልበት፣ የሚያገባበት፣ የሚወልድበት፣ ሥራ የሚያጣበት ዘመን ያለ ቃል ቀረ።

የዕብራውያኑ ጸሐፊ ለምን በየቀኑ እንዳለ ደግሞ አስተውሉ። በኃጢአት መታለል ማንም እልከኛ እንዳይሆን ነው። እንግዲያው ይህ ነገር ለልብ ደስታ ብቻ የሚደረግ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ሰው ከእምነት እንዳይወድቅ የሚጠበቅበት አጥር ነው። አንድ ወንድም ከኅብረት ሲጠፋ "ወደ ዓለም ተመለሰ" እንላለን። ከመመለሱ በፊት ለስንት ወር ማንም ሳያናግረው እንደ ገባና እንደ ወጣ ግን አንቆጥርም።

የልጆች አገልግሎትን እንውሰድ። በብዙ አጥቢያዎች መምህራኑ በዋናው አዳራሽ አምልኮ ሲቀልጥ እነርሱ ከጓሮ ባለው የቆርቆሮ ክፍል ስልሳ ሕፃን ይዘው ይጮኻሉ። ስብከት ከሰሙ ወራት ያልፋል። ለዓመታት በዚህ አገልግሎት የቆየች አንዲት ወጣት አቁማ በሄደች ጊዜ መቅረቷ የታወቀው ወላጆች "ልጆቹን ማን ይቀበለን?" ብለው ሲጠይቁ ነበር። በኋላ ሳገኛት የነገረችኝን አልረሳውም። "ስሜን የሚያስታውሱት ስሳሳት ብቻ ነበር" አለችኝ። ምሬት አልነበረባትም፤ እውነቱን ነበር የምትነግረኝ።

ለምን ዝም እንላለን? ሽማግሌዎች ስንጠይቅ መልሱ በአብዛኛው አንድ ነው፤ "ከተመሰገነ ይታበያል።" ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ምሳሌ 29፥5 ባልንጀራውን የሚያቆላምጥ ለእግሩ ወጥመድ እንደሚዘረጋ ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ሽንገላና ማጽናናት አቅጣጫቸው ለየቅል ነው። ሽንገላ አንድ ነገር ሊያገኝ ስለሚፈልግ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ማጽናናት ወደማይታየው ሰው ይወርዳል። በቤተ ክርስቲያናችን ውዳሴ የጠፋ አይምሰላችሁ፤ ወደ መድረኩ ብቻ ስለሚፈስ ነው። የመጋቢ ሚስት ስለሆንሁ ይህን በቅርብ አያለሁ፤ ለሰበከው ሰው "ተባረክንብህ" የሚለው ብዙ ነው፤ በዝናብ ጃንጥላ ይዞ እናቶችን ከበር እስከ አዳራሽ የሚያደርሰውን አስተናጋጅ ግን ቀና ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ደግሞስ ምስጋና የሚያስታብይ ቢሆን ኖሮ አብ በዮርዳኖስ ዳር ስለ ልጁ በሕዝብ ፊት ባልተናገረ ነበር (ማቴ. 3፥17)። ያ ድምፅ የመጣው ጌታ አንድም ተአምር ሳያደርግ፣ አንድም ስብከት ሳይሰብክ እንደ ነበረ ልብ በሉ።

አንዳንዱ ደግሞ "እኛ ዘንድ ይህ ችግር የለም፣ ሁልጊዜ እንባረካለን" ይል ይሆናል። እሑድ ከፕሮግራም በኋላ በር ላይ ቆማችሁ አድምጡ። "ተባረኪ!" "አሜን፣ ተባረክ!" መልካም ሰላምታ ነው፣ አልቃወመውም። ነገር ግን አንዳንዴ የወሬ መዝጊያ ሆኗል። ሰውየው ችግሩን ሊነግረን አፉን ሲከፍት "በጸሎት እናስብሃለን፣ ተባረክ" ብለን ወደ ታክሲያችን እንሮጣለን። "በርታ" የምንላትም እንዲሁ ናት። ከሥራ ከወጣ ስምንት ወር የሆነውን የልጆች አባት "በርታ እንጂ!" ብሎ ማለፍ ትእዛዝ መስጠት ነው እንጂ ብርታት መስጠት አይደለም። የሚያበረታ ቃል የሚበረቱበትን ምክንያት ይዞ ይመጣል።

ዮናታን ያደረገውን እንመልከት (1ኛ ሳሙ. 23፥16-18)። ዳዊት በዚያን ጊዜ በዚፍ ምድረ በዳ ተሸሽጓል። ከፍልስጥኤማውያን እጅ ያዳናቸው የቅዒላ ሰዎች እንኳ ለሳኦል አሳልፈው ሊሰጡት እንደሆነ ከእግዚአብሔር ሰምቶ ከዚያ ሸሽቷል። መልካም ያደረጉለት ሰው ጀርባውን ሲሰጣቸው ምን እንደሚሰማ የሚያውቁ አገልጋዮች ይህን ክፍል ቀስ ብለው ያንብቡት። ዮናታን መልእክተኛ አልላከም፤ ራሱ ተነሥቶ ሄደ። የሄደውም አባቱ በጦር ወደሚያሳድደው ሰው ነው። ከዚያም እጁን በእግዚአብሔር አጸናለት ይላል ቃሉ። "አንተ እኮ ጎልያድን የጣልህ ጀግና ነህ" አላለውም፤ በዚያች ሰዓት ዳዊት በጀግንነቱ ሊቆም አይችልም ነበር። እንዳይፈራ፣ የሳኦል እጅ እንደማታገኘው፣ በእስራኤልም ላይ እንደሚነግሥ ነገረው። አዲስ ነገር አልጨመረም፤ እግዚአብሔር አስቀድሞ የተናገረውን፣ ዳዊት በዋሻና በጥሻ ሲንከራተት የደበዘዘበትን መልሶ አስታወሰው። ይህን የተናገረው ደግሞ ማን ነው? በሰው ሥርዓት ዙፋኑን ሊወርስ የሚገባው ልዑል ነው። የሌላው ጸጋ ከፍ ሲል የእኔ ዝቅ ይላል ብሎ የሚሰጋ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። በመዘምራን መካከል፣ በአገልጋዮችም መካከል ዝምታው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱ ወዳጆች ሲገናኙ የሚያሳየን ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ዮናታን የምናነበው ዋና ነገር ሞቱንና ዳዊት ያለቀሰለትን ለቅሶ ነው።

እግዚአብሔር የተናገረውን ማስታወስና እግዚአብሔር ያልተናገረውን መናገር ግን ሁለት ነገር ናቸው። ይህን የምለው በዘመናችን "ማበረታታት" በሚል ስም የሚደረግ አንድ ጉዳት ስላለ ነው። "በሚመጣው ዓመት በዚህ ጊዜ ልጅ ታቅፈሽ አይሻለሁ፣ ጌታ ተናገረኝ" የተባለች እኅት ዓመቱ ሲደርስ ምን እንደምትሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ተናጋሪው ረስቶታል፤ እርሷ ቀን ስትቆጥር ከርማለች። "እምነትሽ ጎድሎ ይሆናል" ያሏትም አልጠፉም። ሱነማዊቷ ሴት ነቢዩ ኤልሳዕ እውነተኛውን የእግዚአብሔር ቃል ሲነግራት እንኳ እንዳይዋሻት ለምናዋለች (2ኛ ነገ. 4፥16)። ተስፋዋን ዘግታ፣ ቁስሏን ሸፍና የምትኖር ሴት ነበረች። ልጁ በሞተባት ቀንም ያንኑ ነበር ያስታወሰችው (ቁ. 28)። እውነተኛው ቃል ይህን ያህል የሚያስደነግጥ ከሆነ የእኛ ግምት ምን ያህል ይሰብር ይሆን! ትንቢት ለማነጽና ለማጽናናት እንደ ሆነ የተጻፈበት ምዕራፍ (1ኛ ቆሮ. 14፥3) ዝቅ ብሎ የተነገረው ይመርመር ይላል (ቁ. 29)። ያችን እኅት ያነሣቻት በሰፈሯ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ቡና ይዘው እየሄዱ አብረዋት ተቀመጡ። "ልጄ፣ ቢሰጥሽም ባይሰጥሽም እርሱ አይተውሽም፤ እኔም አልቀርብሽም" ይሏት ነበር። አልቀሩባትምም።

አብሮ መቆም የቤተ ክርስቲያናችን የቆየ ጉልበት ነው። በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ በዚያ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበራቸውም፤ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ነበር። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ወገኖች ስንቅ እያደረሱ፣ እየተጠያየቁ ቆዩ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ተመልሶ ሚስዮናውያኑ ዳግመኛ ሲመጡ ያገኙት አማኝ ወደ 10,000 ይደርስ ነበር። ሥራው የመንፈስ ቅዱስ ነው፤ የተጠቀመበት ዕቃ ግን እርስ በርሱ የሚጸናና ሕዝብ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ የሚያሳየን ሌላ ነገር አለ። ሮሜ 16 የስም ዝርዝር ስለሆነ ብዙዎቻችን ዘልለን እናልፈዋለን። ከ20 በላይ ሰዎች በየስማቸው ይጠራሉ፤ ለብዙዎቹም የየራሳቸው ነገር ይነገርላቸዋል። ጵርስቅላና አቂላ ስለ እርሱ ነፍስ አንገታቸውን እንደ ሰጡ፣ ማርያም ብዙ እንደ ደከመች፣ የሩፎስ እናት ለእርሱም እናት እንደ ሆነችለት ይጽፋል። "ሁላችሁም ተባረኩ" ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ደብዳቤው በጉባኤ የሚነበብ ነው። የሩፎስ እናት በሕይወት ሳለች፣ ወገኖቿ በተሰበሰቡበት ስሟ ባይጠራም እናትነቷ እንዲነገርላት አደረገ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ባለትዳሮችን ማናገር እፈልጋለሁና።

በሴቶች ፕሮግራም ላይ ምሳሌ 31 ሳይነበብ አይቀርም። ጎህ ሳይቀድ መነሣት፣ መፍተል፣ መነገድ፣ ድሀን መርዳት። እኛም ረጅም የሥራ ዝርዝር ይዘን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ቁጥር 28 ግን የሴቲቱ ሥራ አይደለም፤ ልጆቿ ተነሥተው ምስጉን ናት ይሏታል፣ ባሏም ያመሰግናታል ይላል። ይህ ቁጥር በወንዶች ፕሮግራም ሲሰበክ እስካሁን አልሰማሁም። ለምክር የሚመጡ ወንድሞች "እንደምወዳት እኮ ታውቃለች" ይሉናል። "ከነገርሃት ስንት ጊዜ ሆነህ?" ሲባሉ የሠርጉን ቀን ያስባሉ። ሚስት የባሏን ልብ ከሠርግ ቪዲዮ እየፈለገች አሥራ አምስት ዓመት መኖር የለባትም።

እኛም ሴቶች ነጻ አይደለንም። ገቢው የቀነሰበት ባል በር ከፍቶ ሲገባ ፊታችን ምን ይለዋል? የጎረቤት ባል የገዛውን መኪና መተረክ አያስፈልግም፤ አንድ እውነተኛ ነገር መፈለግ ይበቃል። "ደክሞህ ገብተህ ልጁን የቤት ሥራውን ስታሠራው አይቼ ደስ አለኝ" ማለት ገንዘብ አያስወጣም። ትንሽና ዝርዝር ይሁን፤ "አንተ ጎበዝ ነህ" ከማለት "ትናንት ለእናቴ የመለስህላቸው መልስ አኮራኝ" ማለት ይዘልቃል። ሰው በጅምላ ሲመሰገን ይጠራጠራል፤ በዝርዝር ሲነገረው ታይቻለሁ ብሎ ያምናል።

መናገር የሚያፍር አለ፤ በተለይ ቃል ባልነበረበት ቤት ያደገ ሰው አፉ ላይ ደርሶ ይመለስበታል። እንዲህ ያለው ሰው ይጻፍ። ወረቀት ቆርጦ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ያስቀምጥላት፤ ወይም በስልክ ይላክላት። ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም ለመቶ ሰው የሚዞረውን የአበባ ሥዕል ግን አይቆጠርም። የራሱ ቃል ይሁን፣ ሁለት መስመርም ይበቃል።

ለዚህ ወር አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባልና ሚስት ሆናችሁ ከአጥቢያችሁ በመድረክ የማይታይ አንድ አገልጋይ ምረጡ፤ የልጆች መምህር፣ ጽዳት የምትሠራ እናት፣ የድምፅ መሣሪያውን የሚይዘው ልጅ ሊሆን ይችላል። ያደረገላችሁን አንድ ነገር ለይታችሁ፣ ከፕሮግራም በኋላ ሳትቸኩሉ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ ንገሩት። ወደ ቤት ስትመለሱም መንገድ ላይ እርስ በርሳችሁ ሞክሩት።