«ጃቫ ጨርሻለሁ፣ ቀጥሎ ምን ልማር?» ለመካነ ሰላም ልጆች ጥያቄ የኛ መልስ

#ትንታኔ

ሰሞኑን በገጻችን የውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ይሄ ነው። ጠያቂዎቹ ኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቁ ወይም ሊመረቁ የተቃረቡ የመካነ ሰላም፣ የአቀስታና የቱሉ አውሊያ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ የሥራ ማስታወቂያ ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ጃቫ፣ ስፕሪንግ፣ አንግላር፣ ሪአክት፣ ዳታቤዝ፣ ዶከር፣ ሊነክስ ተደርድሮ መጨረሻ ላይ «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ልጁ ይህን ያነባል፣ የቀረችውን የዳታ ጥቅል ያያል፣ ከዚያ እኛን ይጠይቃል።

ጥያቄውን አቅልለን አናየውም። እዚህ አንዱን ለመማር መምረጥ ሌላውን መተው ማለት ነው። ኢንተርኔቱ ውድ ነው፣ መብራቱ ይጠፋል። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። ሐምሌ 2016 ላይ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ይፋ ሲሆን አዲስ አበባ ያለው ልጅ በዚያው ሳምንት መጀመር ይችል ነበር። የኛ ልጅ ግን መጀመሪያ መስመር መፈለግ ነበረበት።

እና አንድ የጃቫ ባለሙያ ምን ያህል ሰፊ እውቀት ያስፈልገዋል?

🔹 መልሱን ጤና ጣቢያው ውስጥ እናገኘዋለን

ጤና ሚኒስቴር በመላ አገሪቱ የሚጠቀምበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2 የሚባል የመረጃ ሥርዓት አለ። ጤና ጣቢያዎች የወሊዱን፣ የክትባቱን፣ የወባውን ቁጥር የሚያስገቡት እዚያ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ሲሆን የሰርቨሩ ክፍል የተጻፈው በጃቫ ነው።

አሁን አንድ ቁጥር እንከተል። ባለሙያዋ የተከተቡትን ሕፃናት ቁጥር ታስገባለች። ገጹ የተሠራው በጃቫስክሪፕት ነው። ቁጥሩ በኔትወርክ ተጉዞ ሰርቨሩ ላይ ያለው የጃቫ ኮድ ጋ ይደርሳል። ኮዱ መርምሮ ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ብዙውን ጊዜ ሊነክስ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ የአንድሮይድ መተግበሪያው መረጃውን ስልኩ ላይ ይዞ ቆይቶ መስመር ሲገኝ ይልካል።

ቁጥሩ መንገድ ላይ ቢጠፋ «እኔ ጃቫው ላይ ነኝ፣ ሌላውን አላውቅም» የሚል ሰው የት እንደጠፋ አያገኘውም። ሁሉንም ሠርቶ የሚያውቅ ሰውም በብዛት አይገኝም። የሚፈለገው አንዱን ጠልቆ አውቆ የጎረቤቶቹን ቋንቋ ቢያንስ መስማት የሚችል ሰው ነው።

🔹 ጥልቀቱ የት ይሁን?

መጀመሪያ ጃቫው ራሱ ላይ። «ጨርሻለሁ» የሚሉ ልጆችን አንዲት ጥያቄ እንጠይቃቸው። 10 ሳንቲምን ከ20 ሳንቲም ጋር በተለመደው የ«ደብል» ቁጥር ስትደምሩ ምን ይመጣል? ጃቫ 0.3 አይላችሁም። 0.30000000000000004 ይላችኋል። ለገንዘብ ስሌት «ቢግዴሲማል» የሚባል ሌላ መንገድ ያለው ለዚህ ነው። ይህን ሳያውቅ የባንክ ሥራ የሚይዝ ልጅ አንድ ቀን ሒሳቡ አልዘጋ ብሎት ያድራል።

እትም ማሳደድ ግን አያስፈልግም። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጃቫ በየ6 ወሩ አዲስ እትም ያወጣል። ድርጅቶች በብዛት የሚቆዩት ረጅም ድጋፍ ባላቸው እንደ 8፣ 11፣ 17 እና 21 ባሉት ላይ ነው።

🔹 ጎረቤቶቹስ?

ዳታቤዝ ቀዳሚው ነው። ከእናት ሒሳብ 500 ብር ተቀነሰ፣ የልጅ ሒሳብ ላይ ሳይደመር መብራት ጠፋ እንበል። 500 ብሩ የት ገባ? ዳታቤዝ «ወይ ሁለቱም ይፈጸሙ፣ ወይ ሁለቱም ይሰረዙ» የሚባልበት አሠራር አለው፤ ግን ኮድ ጸሐፊው ካላዘዘው በራሱ አያደርገውም።

ሁለተኛው፣ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ነው። በታኅሣሥ 2014 መግቢያ ላይ «ሎግፎርጄ» በሚባል በየቦታው በገባ የጃቫ ላይብረሪ ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቶ ዓለም ተረበሸ። ያን ቀን የየድርጅቱ አለቃ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ «እኛም ጋ አለ ወይ?» ላይብረሪ ከኢንተርኔት እየጎተተ የሚለጥፍ፣ የጎተተውን ግን የማያውቅ ሰው ይህን መመለስ አይችልም።

እዚህ ላይ ለኛ አካባቢ ልጆች ልዩ ጥቅም አለ። ማቨን የሚባለው መሣሪያ ያወረዳቸውን ላይብረሪዎች ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። የጃቫ ሰነዱም አንዴ ወርዶ ይቀመጣል። ይህን የሚያውቅ ልጅ መስመር ሲቆረጥ ሥራው አይቆምም።

ከዚህ ሌላ ጊት፣ መሠረታዊ ሊነክስ እና የራስን ኮድ የሚፈትሽ ኮድ መጻፍ ይጨመሩ። በቃ። የገጽ ሥራውን (ሪአክት ይሁን አንግላር) አንብቦ መረዳት ለጊዜው ይበቃል።

🔹 ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈው

ጃቫ በ2014 (እ.ኤ.አ.) አዲስ የቀን አቆጣጠር ክፍል ሲያወጣ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ጨምሯል። የኛን አልጨመረም። ጳጉሜን 6 የተወለደች ልጅን መዝገቡ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» እንዳይላት የሚያደርጉ ተጨማሪ ላይብረሪዎች አሉ፤ መኖራቸውን ማወቅ ግን የኛ ሥራ ነው። ፊደሉም እንደዚያው ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለኛ አንድ ሰው ናቸው፣ ለጃቫ ግን ሦስት። የሰውየው ፋይል «የለም» ተብሎ ሲመለስ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም፣ ይህን ያላሰበው ባለሙያ ነው።

ይህን እውቀት ከውጭ የመጣ ባለሙያ ይዞት አይመጣም። መካነ ሰላም ያደገ ልጅ ግን አለው።

🔹 ቀጣሪዎችም ይስሙ

የአራት ሰው ሥራ በአንድ ደመወዝ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሰፊ ባለሙያ አያመጣም፤ የሰርተፍኬት ሰብሳቢ ነው የሚያበዛው። ልጆቹ ሰባት ስም አይተው ሰባቱንም ይጀምራሉ፣ አንዱንም አይጨርሱም። ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ትልቅ ባንክ ውስጥ ሥራው ስለሚከፋፈል ጥልቀት ይበልጣል። አምስት ሰው ያለበት ትንሽ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ስፋት ይፈለጋል። የትኛውን እንደሚፈልጉ ለይተው ይጻፉ።

ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን በ50 እና ከዚያ በላይ ማለፍ አለበት። ፈተናው መልስ መምረጥን ይለካል፤ የጠፋ ቁጥር ፈልጎ ማግኘትን አይለካም። መቅደላ አምባን የመሰለ እዚሁ መሃላችን ያለ ተቋም ተማሪዎቹን ከወረዳ ቢሮዎች መዝገብ ጋር ቢያገናኛቸው ከየትኛውም ተጨማሪ ኮርስ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

🔹 እና ምን እናድርግ?

እኛ የገጹ አዘጋጆች ዲግሪ የለንም፤ ያገኘነውን የተማርነው አንድ ሥራ ይዘን እስክንጨርሰው በመታገል ነው። ምክራችንም እሱው ነው። የሰፈራችሁን ቅሬ መዝገብ በጃቫ ሥሩ። ወርኃዊ መዋጮ አለ፣ ስለዚህ የገንዘብ ስሌት ትማራላችሁ። ቀኑ በኛ አቆጣጠር ነው። ስሞቹ በተለያየ ፊደል ይጻፋሉ። መብራት ሲጠፋ የከፈለው ሰው «አልከፈለም» መባል የለበትም፤ ቀብር ላይ ሰው ያጣላል። ያን መዝገብ የቅሬው ዳኛ አምኖ ደብተሩን ካስቀመጠ፣ ማስታወቂያው ላይ ካሉት ሰባት ስሞች የትኛው እንደጎደላችሁ ያኔ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሙያው ያላችሁ፣ መጀመሪያ ሥራ ስትይዙ የጎደላችሁ ምን ነበር? ከታች ጻፉልን፣ ለታናናሾቻችሁ ይጠቅማል።