ከብልጭታው እስከ ሞገዱ



ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ካለፈ በኋላ፣ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የተከማቸበት የቤይሩት ወደብ መጋዘን ፈነዳ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ከስድስት ሺህ በላይ ቆሰለ። ከሟቾቹና ከቁስለኞቹ መካከል ስደተኛ ሠራተኞች ነበሩ። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሐምራ እንኳ የመስኮት መስተዋት ረገፈ።

ለዚህ እልቂት ተጠያቂው ያን ክምችት ለስድስት ዓመት ያህል በከተማ መካከል ያስቀመጠው ቸልተኝነት ነው። ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ሳይንስ የምንማር እኛስ ያወቅነውን ለማን ነገርን?

በቤተ ሙከራ የፍንዳታ ሞገድ የነዳጅ ጠብታን እንዴት እንደሚያቀጣጥል እንማራለን። ሞገዱ አየሩን በቅጽበት አምቆ ያግለዋል፤ ተከትሎት የሚመጣው ነፋስ ጠብታውን ጠፍጥፎ እንደ ጉም ይበትነዋል፤ ይህም ተንኖ ከጋለው አየር ጋር ሲዋሃድ ያለ ክብሪት ይነዳል። የታመቀ አየር ነዳጅ ማቀጣጠሉን የናፍጣ መኪና ሾፌሮቻችንም ያውቁታል፤ ሞተሩ ካንዴላ የለውምና። በወደቡ የፈነዳው ጠጣር ነገር እንጂ የነዳጅ ጠብታ አልነበረም፤ የሞገዱ ጠባይ ግን አንድ ነው።

ከዚህ ጠባይ ሕይወት የሚያድን ትምህርት ይገኛል። ብርሃኑ ወዲያው ይታያል፤ ሞገዱ ግን ሐምራ ለመድረስ ስምንት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ከመስኮት ሸሽቶ መሬት ላይ መተኛት ይቻላል። በ1910 ዓ.ም. በካናዳዋ ሃሊፋክስ የመርከብ ቃጠሎ በመስኮት ሲመለከቱ የነበሩ ብዙ ሰዎች ፍንዳታው በረጨው መስተዋት ዓይናቸውን አጥተዋል። ከመቶ ዓመት በኋላም የቤይሩት ሰው ጭሱን ለማየት ወደ መስኮት ወጣ።

አንዳንድ ጓዶች «ዋናው ጥያቄ የከፋላ ሥርዓት ነው፤ ይህ ጥገናዊ ሥራ ነው» ይሉናል። ሠራተኛይቱን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው ከፋላ መወገድ እንዳለበት እናምናለን። ሆኖም መስተዋት ሥርዓት እስኪለወጥ አይጠብቅም። የሰው ቤት መስኮት የምትወለውለው እህታችን ዛሬ ማወቅ ይገባታል።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ከምንማረው አንዲት ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ እንጻፍ። እሑድ እህቶቻችን በሚሰበሰቡበት እናንብብላቸው፤ ዕረፍት የተከለከለችውም በስልክ ትስማው። ብልጭታ ስታይ ከመስኮት ትራቅ! ይህን ያህል ለወገኑ ማስረዳት ያልቻለ ምሁር ምን ተማረ ይባላል?