የማያውቀን ሰው ምክር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፦ ምን እንደምትበሉ፣ ሰውነታችሁን እንዴት እንደምታጠነክሩ፣ ለትዳር ማንን እንደምትመርጡ የሚመክራችሁ ማን ነው? ዛሬ ብዙዎቻችን ይህን የምንሰማው በቲክቶክና በቴሌግራም ከምናገኛቸው፣ ስማችንን እንኳ ከማያውቁ ሰዎች ነው።

እኔም ተፈትኜበታለሁ። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ አንድ የማላውቀው ሰው ጾም ጡንቻን እንደሚያጠፋ ሲናገር ሰምቼ በዐቢይ ጾም ልቤ ተከፈለ። በዚያው ጾም ወደ ላሊበላ ስመለስ ግን፣ በአሸተን ማርያም ዳገት ላይ ትንፋሼን ልሰበስብ በቆምኩበት፣ በሽሮና በበሶ የሚጾሙ እናቶች አልፈውኝ ወጡ።

ስፖርትም ሆነ ምክር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። የመከረው ግን ድካሙን የሚያውቅለትን የመንፈስ ልጁን ነው። በስልክ የምንሰማው ሰው ደም ማነስ ይኑርብን ጨጓራ አያውቅም። ስለ ፍቅር ሲያስተምርም ወንድንና ሴትን እንደ ተፎካካሪ ያሰለፈ እንደሆነ፣ በተክሊልና በቁርባን የሚጸናውን ጋብቻ ጨዋታ ያደርገዋል። ምክሩ ቢጎዳን አብሮን አያለቅስም።

ስለዚህ ስለ ሕመማችሁ ሐኪምን፣ ስለ ጾማችሁና ስለ ትዳራችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። የንስሐ አባት የሌላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ያዙ። እርሱ የሚያውቃችሁ፣ ስለ ነፍሳችሁም በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቅ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።