ብቻን መብላት የማያሳፍርበት ቤት

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ላደገ ሰው ራመን የሚባለው የጃፓኖች ባለመረቅ ኑድል የሚሸጥበት ቤት መግባት መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በማዘወትራት ጠባብ ቤት ባንኮኒው ፊት ከሚቀመጠው አብዛኛው ብቻውን የመጣ ነው። የሆስፒታል ልብሱን ያላወለቀ አለ፣ የታክሲ ቁልፉን ከሳህኑ አጠገብ ያስቀመጠ አለ። «እንብላ» የሚል የለም፤ ባለመባሉም የሚቀየም የለም።

እኔ ይህን ወድጄዋለሁ። ሁለት ሥራ የሚሠራ የአገር ልጅ እራቱን የት ይብላ? ሐበሻ ምግብ ቤት ብቻውን ገብቶ በያይነቱ ቢያዝ ለሁለት የሚበቃ ትሪ ይዘረጋለታል፤ «ብቻህን ነህ እንዴ?» የሚለው ጥያቄም ከነአዘኔታው ይከተላል። መኪና ውስጥ ሳንድዊች ከመግመጥ ግን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ትኩስ ነገር ይሻላል። ጃፓኖችማ ነገሩን ጥግ አድርሰውታል። ኢቺራን በሚባለው ምግብ ቤት ተመጋቢው ግራና ቀኙ ተከልሎ ይቀመጣል፤ ሳህኑን ከፊት ለፊት ባለች መስኮት ያቀብሉትና መጋረጃዋን ይዘጉለታል። እዚያስ አልደረስኩም፤ የሰው ፊት ማየት እፈልጋለሁ።

የማዘው የዶሮ መረቅ ያለውን ነው። አጥንቱ በኃይለኛ እሳት ለሰዓታት ሲንተከተክ ቅባቱ ከውሃው ጋር ስለሚዋሃድ መረቁ ነጥቶና ወፍሮ ይቀርባል። በላዩ በሶያ ሶስ ተዘፍዝፎ የጠቆረ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል፤ አስኳሉ ገና አልረጋም። የኑድሉን ቢጫነት ብዙ ሰው ከእንቁላል የመጣ ይመስለዋል። የሚያቀልመውም፣ ሲያኝኩት ጠንከር የሚያደርገውም ግን ካንሱይ የሚሉት አልካላይን ውሃ ነው። መረቁ ውስጥ ከገባ በኋላ መልፈስፈስ ስለሚጀምር ወሬ እያወሩ የሚበሉት አይደለም። ቾፕስቲኩን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፅ እያሰሙ መማግ ነው፤ አብሮ የሚገባው አየር ያቀዘቅዘዋል። እናቴ ብታየኝ በኩርኩም ትለኝ ነበር።

«ኢንዶሚ ለመብላት ይህን ያህል ገንዘብ?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ዝምድናው እውነት ነው። ሞሞፉኩ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1958 የፈጠረው ፈጣን ኑድል የራመንን ጣዕም በደቂቃዎች ቤት ውስጥ ለማድረስ ታስቦ የተሠራ ነው። ራመን ራሱ ከቻይና ኑድል የመጣ ሲሆን፣ ቶኪዮ አሳኩሳ ውስጥ በ1910 የተከፈተው ራይራይኬን ምግቡን ካስለመዱት ቀደምት ቤቶች አንዱ ነው። በዋጋው ግን አልከራከርም። ጃፓን ውስጥ ቲፕ የለም፤ እዚህ ታክሱና ቲፑ ሲደመር አንድ ሳህን 20 ዶላር ገደማ ይወጣበታል።

ለእኛ ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው። ከሁሉ የታወቀው ቶንኮትሱ የአሳማ አጥንት መረቅ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚሸሸው። ዶሮ ነው የተባለው ሳህን ላይ ሳይቀር ሁለት ቁራጭ የአሳማ ሥጋ ጣል ሊደረግበት ይችላል። በጾም ደግሞ «የአትክልት» የሚለውን አይታችሁ አትዘናጉ። ከላይ የተደረደረው አትክልት ሆኖ መረቁ በደረቀ ዓሣ የተቀመመ የሚሆንበት ጊዜ አለ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቻለሁ።) ትክክለኛው የጾም መረቅ ኮምቡ ከሚባለው የባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ይሠራል፤ እሱም ቢሆን አይታማም።

ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት መረቁ ከምን እንደተሠራ፣ ኑድሉም እንቁላል ይኑረው አይኑረው ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ቤት ወዲያው ይመልስላችኋል። አስተናጋጁ «ይመስለኛል» ካለ ግን ሌላ ቤት ሞክሩ።