ጠርሙሱ ስንት ጊዜ ተሞላ?

ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ አንድ አሳይመንት አስገብቼ ነበር። ርዕሱ «ፕላስቲክ ይቅር፣ ጠርሙስ ይኑር» የሚል ሲሆን የጻፍኩት ስለ ጀርመን ነው። ጀርመኖች ቆሻሻቸውን በየዓይነቱ ለይተው ስለሚጥሉ፣ ጠርሙስ ስለሚመልሱ፣ ለአየር ንብረት የሚጠነቀቁ ሕዝቦች ናቸው ብዬ አሞገስኳቸው። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈውበት ነበር። «ጠርሙሱ ስንት ጊዜ ተሞላ?» ይላል። እውነቱን ለመናገር መልሱ ይቅርና ጥያቄው ራሱ አልገባኝም ነበር። ይህችን አስተያየት የምጽፈው ያኔ ያልመለስኩትን ለመመለስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስታወት ጠርሙስ የሚሠራው አሸዋ፣ ሶዳና የኖራ ድንጋይ ተቀላቅለው 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ሲቀልጡ ነው። ምድጃው ሌት ተቀን አይጠፋም፤ በአብዛኛው የሚነደውም በተፈጥሮ ጋዝ ነው። በዚያ ላይ ሶዳውና የኖራ ድንጋዩ ራሳቸው ሲቀልጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። ጠርሙሱ ከባድ ስለሆነ የጭነት መኪናውም ተጨማሪ ነዳጅ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተጠጥቶበት የሚጣል የመስታወት ጠርሙስ፣ በሙቀት አማቂ ጋዝ ሂሳብ ከሄድን፣ ብዙውን ጊዜ ከምንሰድበው ሃይላንድ ይብሳል። «ሪሳይክል ይደረጋል እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ይደረጋል፤ የተወሰነ ጉልበትም ይቆጥባል። ግን ሪሳይክል ማለት ሰብሮ እንደገና ማቅለጥ ነው። እሳቱ አይቀርም።

ያው ጠርሙስ ታጥቦ ሲሞላ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ጀርመን ውስጥ ተመላላሽ የመስታወት ጠርሙስ እስከ 50 ጊዜ፣ ተመላላሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ እስከ 25 ጊዜ ሊሞላ ይችላል። የምድጃው ጭስ ለ50 ተካፈለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ደግሞ ብዙ የጀርመን የማዕድን ውሃ አምራቾች አንድ ዓይነት ጠርሙስ በጋራ ይጠቀማሉ። ጠርሙሱ የሁሉም ስለሆነ ባዶው አገር አቋርጦ ወደ መጣበት ፋብሪካ መመለስ የለበትም፤ ቅርብ ያለው አምራች ይሞላዋል። ለእኔ ከቆሻሻ በርሜሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ይህ ነው። በጽሑፌ ውስጥ ግን አንድ መስመር እንኳ አልሰጠሁትም።

ታዲያ ጀርመኖች ብልሃታቸውን ጠበቁት ወይ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሚሸጠው መጠጥ 70 በመቶ ያህሉ በተመላላሽ ዕቃ ነበር። ድርሻው ማሽቆልቆል ሲጀምር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 አንዴ በሚጣሉ ጠርሙሶችና ጣሳዎች ላይ የማስያዣ ገንዘብ ጣለ፤ ዛሬ 25 ሳንቲም ዩሮ ነው። ሐሳቡ ሰው የሚጣለውን ትቶ ወደሚሞላው እንዲመለስ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሰው ባዶውን ወደ ሱቅ በደንብ ይመልሳል፤ ከ98 በመቶ በላይ ይመለሳል። ነገር ግን ማሽኑ የሚጣለውን ጠርሙስ እዚያው ይጨፈልቀዋል እንጂ አያጥበውም። ገዢው ግን «መለስኩ» ብሎ ሕሊናው አርፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የማሸጊያ ሕግ 70 በመቶ ተመላላሽ ይሁን ብሎ ግብ ቢያስቀምጥም፣ ድርሻው ከግማሽ በታች ወርዷል። እኔ ያሞገስኩት መመለሱን ነበር። መምህሬ የጠየቁኝ መሞላቱን ነው።

በእርግጥ ሁሉም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቱቢንገን የምትባለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አንዴ በሚጣል የቡና ኩባያና የምግብ ሳህን ላይ 50 ሳንቲም፣ በማንኪያና ሹካ ላይ 20 ሳንቲም ግብር ጥላለች። ከፋዩ ሻጩ ነው። እዚያው ከተማ የማክዶናልድስ ምግብ ቤት የሚያስተዳድር ነጋዴ ቢከስም፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ለከተማዋ ፈርዷል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ከማሸጊያው ይልቅ ምግቡ ራሱ አይብስም ወይ?» ይሉኛል። ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሰው ልጅ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከምግብ ሥርዓት እንደሚመጣ ያሳያል፤ ከዚያ ውስጥ የማሸጊያ ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ነው። ሥጋ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ስስ ፕላስቲክ ከሚያስወጣው ጋዝ የሚያድነው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ማሸጊያን በጅምላ መራገም ሌላ ስህተት ነው። የታሸገ ውሃ ላይ ግን ይህ መከራከሪያ አይሠራም። እዚያ ጥፋቱ ያለው ውሃው ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሰፈሬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እናቴ ለበዓል ቢራና ለስላሳ የምታመጣው ባዶውን ሳጥን አስይዛ ነው። ባዶ ጠርሙስ የሌለው ሰው ማስያዣ ይከፍላል። ጀርመን በሕግና በግብር ልትመልሰው የምትታገለው ነገር እኛ ሱቅ በራፍ ላይ፣ ማንም «አረንጓዴ» ብሎ ሳይጠራው፣ ሲሠራ ኖሯል። እኛ ግን የሚሞላውን እንደ ድሮ ነገር፣ የሚጣለውን እንደ ሥልጣኔ ማየት ይዘናል። በየስብሰባው ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረውን ሃይላንድ ማየት ይበቃል። የእኛ ዲፓርትመንት ሴሚናርም ከዚህ አላመለጠም። አንድ ጆግ ውሃና የሚታጠብ ብርጭቆ ማቅረብ ምን ያቅተናል?

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ነገ አንድ ፋብሪካ «ማሸጊያችን አረንጓዴ ነው» ብሎ መግለጫ ሲሰጥ ማይክ ይዘን የምንቆመው እኛ ነን። «ከምን ተሠራ?» ብለን ብቻ ከተመለስን የእኔን አሳይመንት ደገምነው ማለት ነው። መምህሬ የጠየቁኝን እንጠይቅ፤ መልሱም በቁጥር ይሁን።