ንባብ ቤት ሽምደዳ ብቻ አይደለም

ንባብ ቤት የቤተ ክህነት ትምህርት የመጀመሪያው እርከን ነው። በፎገራ ሜዳ አጥቢያዎችም፣ እንደ ሌላው የጎንደር አገር ሁሉ፣ ልጅ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመጣ ወዲህ በዚህ ትምህርት ላይ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ ሽምደዳ ነው፣ ሥርዓተ ትምህርትም የለውም። ብዙ ጊዜ ስለተባለ ግን እውነት አልሆነም። የታተመ መመሪያ የለውም ማለት ሥርዓት የለውም ማለት አይደለም።

ለዚህ ከአቡጊዳ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ልጁ መጀመሪያ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ሀሁን በዜማ ይቆጥራል። ሲለምደው ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል፤ ነቃፊዎች አይተው የሄዱት ይህን ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ገበታ አላዩም። አቡጊዳ የተለመደውን ዜማ ሆን ብሎ ያፈርሰዋል። የመጀመሪያው ረድፍ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ነው፤ ሰባት የተለያዩ ፊደላት፣ እያንዳንዱም በሌላ ቅርጽ፤ አ በግዕዝ፣ ቡ በካዕብ፣ ጊ በሣልስ፣ እያለ እስከ ሳብዑ ዞ። ሁለተኛው ረድፍ አንድ ፊደል ዝቅ ብሎ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» ይላል። 26ቱ የግዕዝ ፊደላት በ7 ቅርጽ 182 ይሆናሉ፤ በዚህ አካሄድ ሁሉም ከለመዱት ጎረቤት ተነጥለው ይመጣሉ። ሀሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ጉን ለማለት የገን መልክና የካዕብን ምልክት ለይቶ ማወቅ አለበትና። ሽምደዳ ብቻ የሚፈልግ ሥርዓት የተሸመደደውን የሚያፈርስ ገበታ ለምን ያበጃል?

ከአቡጊዳ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ፣ ማለትም የዮሐንስ መልእክት፣ ከዚያ የዮሐንስ ወንጌል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይነበባል። ንባቡ ራሱ ደረጃ አለው፤ በቁጥር ፊደል በፊደል ተጀምሮ፣ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ፣ አቀላጥፎ ወደሚነበብበት ቁም ንባብ ይደርሳል። ከመምህር አፍ መቀበሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት መሆኑ ከገጹ ላይ አይታይም። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉት የንባብ ስልቶችም እንዲሁ ናቸው። 150ው መዝሙር የሚደገመው ጆሮ እነዚህን እስኪለይ ድረስ ነው። ልጁ የሚያነበውን ግዕዝ አለመረዳቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰዋስው የቅኔ ቤት፣ ትርጓሜም የመጻሕፍት ቤት ሥራ ስለሆነ፣ ይህ የደረጃ ክፍፍል እንጂ ጉድለት አይደለም።

ለፎገራ ገበሬ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ ሩዝ ሲታረምና ሲታጨድ፣ ልጅ ከቤት ይፈለጋል። በመደበኛው ትምህርት ቤት የቀረውን ልጅ ክፍሉ ጥሎት ይሄዳል። ንባብ ቤት ግን የጋራ ክፍል የለውም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ቀለም ይዞ የኔታ ፊት ወይም ታላቅ ተማሪ ዘንድ ይቀርባል፤ የቀረ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ያልያዘም አያልፍም። የቃል ትምህርቱ፣ ውዳሴ ማርያምና መልክአ ማርያም፣ በማታ ስለሚሰጥ ቀኑን ከብት ሲጠብቅ የዋለውም ያገኘዋል፤ መብራት እንኳ አያስፈልገውም።

ሒሳብና ሳይንስ የለም፣ አለንጋ አለ፣ ሴት ልጅ እምብዛም አትታይም ይባላል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ አንዳቸውም ግን የንባቡን አሰጣጥ አይነኩም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ቢያዝም፣ የአቡጊዳ ገበታ ጸሎት አይደለም፤ የኦ ክፍል መምህር ነገ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተካሄደው የንባብ ምዘና በኢትዮጵያ ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንደማይችሉ አሳይቷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሀሁን አስዘምሮ አቡጊዳን መተው ሊሆን ይችላል።

ዳዊት ከተደገመ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። አብዛኛው ልጅ ወደ እርሻው ወይም ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ይመለሳል። ዜማ የፈለገው ከወረታ ወደ ምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት ያቀናል፤ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ቅኔ የፈለገው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይወርዳል።